ቁርጥማትና የጋለ ብረት

በጣሊያን ዘመን፣ በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት በጥር ወር፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የአስር ሶላት ሲቃረብ፣ ሸማኔው አብዱልሃዲ ሮቢ ወንዝ ዳር ተንበርክከው ለሶላቱ ታጥበው ውዱእ አደረጉና ልነሣ ቢሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ወደ ግራ ሞከሩ፣ ወደ ቀኝ ሞከሩ፣ "ያ ረብ!" አሉ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ዙሪያቸውን ቢያዩ ከማዶ ካሉት ጦጣዎች በቀር የሚያያቸው ሰው የለም። ለዚህስ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚፈሩት የሰው ዓይን ነበር።

እኚህ ሰው ማን እንደሆኑ ላልሰማ ልንገር። ከጀውሃ እስከ አጣዬ፣ ሽቅብም እስከ ደብረ ሲና ድረስ፣ የአብዱልሃዲን ጋቢ የለበሰ ሰው ገበያ ሲገባ ትከሻውን ቀና አድርጎ ነው። ክሩ እኩል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ አንዲት የላላች ማግ አትገኝበትም። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ ደግሞ የሰው ፈትል አሳንሰው፣ የሰው ቀጠሮ አጥፈው አያውቁም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ግትርነታቸው! አንድ ነገር ይዘው "ይኼ ነው" ካሉ፣ ከዚያ የሚያነቃንቃቸው ሰው በይፋት ቆላ ገና አልተወለደም ይባል ነበር።

እንዲህ እንደተንበረከኩ ሳሉ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት አንዲት ሴት፣ ውሻ መከላከያ በትር ይዛ ከሮቢት ገበያ ስትመለስ አየቻቸውና ሮጠች።

"አባቴ፣ ወድቀው ነው? ላንሣዎት!" ብላ እጇን ዘረጋች።

"ተይ! አትንኪኝ! ውዱእ አለኝ!" ብለው ጮኹ። የባዳ ሴት እጅ ከነካቸው ውዱአቸው ይፈርሳል፤ ከዚያ ወዲያ እንደገና መንበርከክ ሊኖርባቸው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለችና በትሩን ዘረጋችላቸው። "እንግዲያው እኔን ትተው በትሬን ይያዙ። አልጎትትዎትም። ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ያምጡና ውስጥ እግርዎን መሬት ያስይዙ። እንዲያ። አሁን በበትሩ ተደግፈው በጭንዎ ይነሡ፤ በወገብዎ አይታገሉ።"

አብዱልሃዲ እንደተባሉት ቢያደርጉ፣ በአንድ ጊዜ ብድግ! "አጂብ ነው!" አሉ ሳያስቡት።

ሴትዮዋ ግን ዓይኗ በትሩን በጨበጠው ግራ እጃቸው ላይ ቀርቶ ነበር። ሦስቱ ጣቶች ወደ መዳፍ ታጥፈው ደርቀዋል፤ በመገጣጠሚያቸው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ አለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ እጅዎ ምን ሆኖ ነው?"

"ቁርጥማት በላው።"

"ጠባሳውስ?"

"የገበያው ጋሽ ደምሴ በጋለ ብረት ተኩሶልኝ ነበር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ዘግይቶ ነው እንጂ ያድነው ነበር። ቀኙን ግን አላዘገይም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በገበያ ቀን ይተኩስልኛል።"

"ቀኙን! መወርወሪያ የሚወረውሩበትን?"

"ብርዱ ወደዚያ ተሻግሯላ! ተይዤ ልቅር?"

"እግዜር ያሳይዎት፤ ይህም እጅ እንደዚያኛው ቢቀር በምን ይሠራሉ?"

"ካልተተኮሰ ነው የሚቀር" አሉና፣ ስለ በትሩ አመስግነው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ሄዱ። ነገሩ ግን ውስጣቸው ገብቶ ነበር። አንድ እጅ የቀረው ሸማኔ ያንንም ካጣ ሽመናው አበቃ ማለት ነው፤ ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቁም።

ቤታቸው ገብተው ለሚስታቸው ለዘይቱና የሆነውን ሲነግሩ፣ ዘይቱና ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "ይቺማ ወይንሸት ናት፤ የጎረቤታችን የአስካለ የወንድሟ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው። በበትር አነሣችህ? እኔን እኮ በየማለዳው ወገቤን ነው የምትቆርጠኝ!"

"ነገር ታበዛለች።"

"ግን ተነሣህ" አሉ ዘይቱና።

በማግስቱ ወይንሸት አክስቷ የፈተሉትን ክር ለጋቢ ይዛ መጣች። አብዱልሃዲ እንደ ልማዳቸው የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው ድሩን ፊታቸው ዘርግተው ይሠራሉ። እጅ ነሥታ፣ ክሩን አስረክባ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን ትመለከት ጀመር። ቀኝ እጃቸው መወርወሪያውን ሲልክ፣ ያ የታጠፈ ግራ እጅ በመዳፉ ጠርዝ ሲመልስ፣ ክሩ ግን አንድ ጊዜም አይበጠስም። እንዲህ ያለ ሥራ ከአንድ ተኩል እጅ ይወጣል ብላ አላሰበችም፤ አድናቆቷንም አልደበቀችም።

"እጅዎን አላህ ይባርከው አባቴ። ከስንት ሰዓት ጀምረው ነው?"

"ከፈጅር ሶላት በኋላ።"

"ስንት ጊዜ ከጉድጓዱ ወጡ?"

"ለዙህር ሶላት ብቻ። ሸማኔን ምን ያስወጣዋል? አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጋቢው ተቆርጦ ሳይወርድ ከጉድጓድ ስወጣ ካየኝ ቀልቤን ነበር የሚገፈው። ድሩ ይላላል ይል ነበር።"

"አባትዎ በመጨረሻ ጉልበታቸው እንዴት ነበር?"

አብዱልሃዲ መወርወሪያውን ያዝ አደረጉት። "በመጨረሻማ... መስጊድ ተሸክመን ነበር የምንወስደው።"

ወይንሸት በዚህ ላይ ምንም አልጨመረችም። ማወቅ ማለት ይኼ ነው፤ የት ላይ ዝም እንደሚባል ማወቅ ጭምር። ሽማግሌው ግን በዝምታው ተቆጡ።

"ስሚ ልጄ። ቁርጥማት ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ በእሳት ነው የሚወጣው። ይኼን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።"

"አባቴ፣ ደፍሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ብርድ ቢሆንማ ደብረ ሲና ላይ የሚራመድ ሰው ባልተገኘ፤ እዚህ ሮቢት ደግሞ አንድም ሰው ባላመመው። እዚህ እኮ በጥር እንኳ ጥላ እየፈለግን ነው የምንውለው። እንዲያው እዚያ ላይ ያለ ሰው ብርዱ ሕመሙን ያብስበት ይሆናል፤ የሚፈጥረው ግን ብርድ አይደለም።"

አብዱልሃዲ ሳቅ አመለጣቸው። "ወላሂ ነገር ታውቂያለሽ! ታዲያ ብርድ ካልሆነ ምንድን ነው?"

"ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው አንቺ?" አሉ ዘይቱና ከጓዳ ብቅ ብለው።

ወይንሸት ወደ መንገዱ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እናንተን ካላመንኩ ማንን አምናለሁ። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ስድስት ዓመት በሽተኛ አስታምሜአለሁ፤ ማንበብ መጻፍም እዚያው ተማርኩ። በየካቲቱ እልቂት የተማረ ሁሉ ሲለቀም፣ በእግሬ ወደ አክስቴ መጣሁ። መንገድ ዳር ያሉት ወታደሮች ቢሰሙ እኔም አልተርፍም።"

"ከዚህ ጉድጓድ አይወጣም" አሉ አብዱልሃዲ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ለማንም አላነሡትም።

ወይንሸት ወደ ጓዳው ደጃፍ አየች። የጎረቤት ሕፃን አቂቃ፣ የስም ማውጫው እርድ፣ ስለነበር፣ ለእነ ዘይቱና የደረሳቸው የፍየል እግር ተሰቅሏል። "እትዬ ዘይቱና፣ ይህ እግር ጥሬ ነው?"

"ጥሬ ነው። አንቺ ግን የእስላም ሥጋ ምን ያደርግልሻል?"

"አልበላውም እትዬ፤ ማየት ግን ማን ከለከለኝ?"

ሦስቱም ሳቁ። ዘይቱና ቢላዋ አመጡና ጉልበቱ ላይ ዙሪያውን ቀደው መገጣጠሚያውን ከፈቱት። ወይንሸት የአጥንቱን ጫፍ ወደ ሽማግሌው አዞረች።

"ይህን ነጭ፣ የሚያብረቀርቀውን ይዳስሱልኝ።"

አብዱልሃዲ በደህናው አውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እጃቸው የለሰለሰ ነገር ያውቃል፤ ደጋግመው አሹት። "ሱብሃነላህ! ይኼማ የመወርወሪያዬ ሆድ ነው። አርባ ዓመት የተወለወለ!"

"ልም አጥንት ይባላል። አንዱ አጥንት በሌላው ላይ ሳይሻክር እንዲንሸራተት የተሠራ ነው። በመካከሉ ያለውን ዝልግልግ ውሃ ደግሞ አዩት?"

"መወርወሪያዬን እንደምቀባው ቅባት ነዋ!"

"እርስዎው አሉት። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሥራም ሲበዛበት፣ ይህ ልም አጥንት እየሳሳ ይሻክራል። አጥንቱም በዳር በዳሩ ጉብ ጉብ ይላል፤ በጣትዎ ጫፍ ላይ እንዳለው። ሌላ ዓይነት ቁርጥማትም አለ። እሱ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን ስስ ሥጋ ነው የሚያስቆጣው። ሁለቱም እጅ እኩል ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ጠዋት ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ጣት አይታዘዝም። እሱ ወጣትንም ይይዛል፤ ሴቶች ላይ ይበረታል።"

"የኔ የትኛው ነው?"

"ጠዋት ሲነሡ ድርቀቱ ምን ያህል ይቆያል?"

"ፈጅር ሰግጄ ሳበቃ ይለቀኛል።"

"ከሥራ በኋላስ?"

"ያኔማ ያንገበግበኛል።"

"እንግዲያው የርስዎ የመጀመሪያው ነው።"

አብዱልሃዲ አጥንቱን በእጃቸው ደጋግመው አገላበጡት። ሸማኔ ነገርን በዓይኑ ካላየ፣ በእጁ ካልያዘ አይገባውም፤ ካየ ደግሞ መደበቅ አይችልም። በመጨረሻ ጣታቸውን በፍየሉ ቆዳ ላይ አሳረፉ።

"ቆይ እስቲ። ደምሴ ብረቱን የሚያሳርፈው እዚህ ላይ ነው። ነጩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እሳቱ ከዚህ እዚያ እንዴት ይደርሳል?"

"አይደርስም። ቢደርስም ያቃጥለዋል እንጂ አያድሰውም።"

"ታዲያ ግራ እጄን..."

ዘይቱና ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ወይንሸት ሐሳቧን አወጣች አወረደች፤ ላለመናገር ፈለገች፤ መዋሸትም አልቻለችም። "ቆዳ ተቃጥሎ ሲድን ይሸበሸባል፤ ከሥሩ ያለውንም ጅማት ይዞ ይሰበሰባል። ጣትዎን ያጠፈው ቁርጥማቱ አይደለም አባቴ።"

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። አጥንቱን አስቀመጡና "ለአክስትሽ ጋቢው በቀጠሮው ይደርሳል በያት። ደህና ዋይ" አሉ። ወይንሸት እጅ ነሥታ ወጣች።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ አትፍረድባቸው። ያቺን ቃል መቀበል ማለት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አላህ ያመጣብኝ ነው ሲሉት የኖሩትን መከራ፣ ራሴ እጄን ዘርግቼ የተቀበልኩት ነው ማለት ነበር። ይህን በአንድ ጀንበር የሚውጥ ሰው ማን ነው?

ምሳ ቀርቦ አልበሉም። ዘይቱና አጠገባቸው ተቀመጡ።

"እኔ ያወቅሁት ቁስሉን ያጠብኩልህ ዕለት ነው" አሉ በቀስታ።

"ምኑን?"

"እጅህን የበላው እሳቱ እንደሆነ። ከመተኮስህ በፊት ጣትህ ያምህ ነበር እንጂ ይዘረጋ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሰምተኸኝ ታውቃለህ?"

አብዱልሃዲ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ለዱዓ እንደሚዘረጋ ሰው ፊታቸው ዘረጉ። ቀኙ ተከፈተ፤ ግራው አልተከፈተም። አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ አለቀሱ። ዘይቱናም ዓይናቸውን ጠረጉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አስካለ ቤት ሄዱ፤ ወይንሸትን ይዘው ተመለሱ።

"ልጄ፣ አስቀይሜሽ እንደሆነ አፉ በይኝ" አሉ አብዱልሃዲ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያንቺ ምክር ቁርጥማቱን ያጠፋልኛል?"

"አያጠፋልዎትም። የሳሳውን የሚያድስ መድኃኒት እኔ በተማርኩበት ቤት አላየሁም። ሕመሙን ግን ይቀንሱታል፣ ቀኝ እጅዎንም ያቆዩታል።"

"ደምሴ በሦስት ቀን ትድናለህ ነበር ያለኝ። አንቺ አልድንም ትይኛለሽ፤ ያንቺን አምናለሁ።"

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በወይንሸት ምክር በአብዱልሃዲ ቤት ብዙ ነገር ተለወጠ። የጉድጓዱን እርጥብ አፈር ዝቀው አወጡና ደረቅ ጭድ ነሰነሱበት፤ መቀመጫውንም ጉልበታቸው ብዙ እንዳይታጠፍ በቁርበት አነባብረው ከፍ አደረጉት። ማጉን ለማጥበቅ በእጃቸው የሚጨብጡትን እንጨት ጣታቸው አጥብቆ እንዳይታገል ጨርቅ ጠቅልለው አወፈሩት። ዘይቱና ደግሞ በይፋት የማይጠፋውን የጥጥ ፍሬ በከረጢት ሰፍተው፣ ጠዋት ጠዋት ምጣድ ላይ ለብ እያደረጉ በእጃቸውና በጉልበታቸው ላይ ያኖሩላቸዋል።

"እሳት አይሆንም ብለሽ ስታበቂ ሙቀት አዘዝሽልኝ!" አሉ አብዱልሃዲ አንድ ቀን በወይንሸት ሊያሾፉ።

"ያ የሚያቃጥል ነው፤ ይህ የሚያፍታታ። በጉንጭዎ ሞክረው ካላቃጠለዎት ለጉልበትዎም ደግ ነው። ሞቆ ላበጠ መገጣጠሚያ ግን ቀዝቃዛ ጨርቅ እንጂ ሙቀት አይሆንም።"

ከሁሉ የከበዳቸው ከጉድጓዱ መውጣት ነበር። በመወርወሪያው ውስጥ የሚገባው አሥር ቀሰም ክር ባለቀ ቁጥር ወጥተው ግቢውን አንድ ጊዜ እንዲዞሩ፣ ከዚያም በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተው አሥር እስኪቆጠር እንዲያቆዩት ታዘዙ።

"ያመመው ነገር ማረፍ አለበት እንጂ!" ብለው ተከራከሩ። "የታመመ በቅሎ ይጫናል?"

"አይጫንም፤ ታስሮም ግን አይከርምም። ታስሮ የከረመ በቅሎ እግሩ ይሰንፋል። ጉልበትዎን የሚሸከምልዎ የጭንዎ ሥጋ ነው። እሱ ከሰለለ ሸክሙ ሁሉ በዚያ በሳሳው ላይ ይወድቃል።"

"ድሩስ ቢላላ?"

"እስቲ ይውጡና ተመልሰው ይዩት።"

ወጡ፣ ዞሩ፣ ተመልሰው ድሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። አልላላም። አርባ ዓመት የፈሩት ነገር አልነበረም ማለት ነው! መስጊድ በሸክም ይሄዱ የነበሩትን አባታቸውን አሰቡ።

ስለ ሶላቱ ግን ወይንሸት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የሌላ ሰው ሃይማኖት ነውና። ዘይቱና ናቸው የተናገሩት። "ሼሁ ያልቻለ ተቀምጦ ይስገድ እያሉ ስንቴ ነገሩህ? አላህ ያቀለለልህን አንተ ለማን ብለህ ነው የምታከብደው? ለሰው ዓይን አይደል?" አብዱልሃዲ በዚያው ጁምዓ በርጩማቸውን ይዘው መስጊድ ሄዱ። አንድም ሰው አልሳቀባቸውም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ጁምዓ ሁለት ሽማግሌዎች በርጩማ ይዘው መጡ።

ነገሩ ሁሉ ግን ቀና መንገድ አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ደህና ነኝ ብለው፣ የአስካለን ጋቢ ልጨርስ ብለው ቀኑን ሙሉ ከጉድጓድ ሳይወጡ ዋሉ። በማግስቱ ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ዋለ።

"ይኸው! ምክርሽ ይኸው!" ብለው በወይንሸት ላይ ጮኹባት።

"ትናንት ስንቴ ወጡ አባቴ?" አለች ቀዝቃዛ ጨርቅ እየጨመቀች።

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

"የሚሳሳቱት በታመሙ ቀን አይደለም፤ በተሻለዎት ቀን ነው። ሁለት ቀን ያሳርፉት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይጀምሩ። ሲራመዱ በትሩን በግራ እጅዎ ይያዙ፤ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው።"

"በዚች ቆማጣ እጅ?"

"መዳፍዎ ደህና ነው። በትሩ አናት ላይ ጨርቅ እንጠቀልልበታለን።"

እንደተባሉት አደረጉ፤ እብጠቱም ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይነግራቸው ቀሰማቸውን መቁጠር ጀመሩ።

እነሆ የገበያው ቀን ደረሰ። ጋሽ ደምሴ ከሮቢት ገበያ ዳር፣ ግራር ሥር፣ እንደ ወትሮአቸው ከሰል አቀጣጥለው ብረታቸውን ከተዋል። ደምሴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሙያውን ከአባታቸው ተቀብለው፣ ለሰው ደግ የሠሩ እየመሰላቸው ሠላሳ ዓመት የኖሩ ናቸው። ተራ ከሚጠብቁት መካከል ጣይባ የምትባል ልጅ እግር አራስ ነበረች። ሁለቱም እጆቿ አብጠው ሕፃኗን ማቀፍ አቅቷት፣ ባሏ ነበር የያዘላት።

"ና አብዱልሃዲ፣ ብረቱ ደርሷል! አንተን ላስቀድም" አሉ ደምሴ።

"እኔ አልተኮስም ጋሽ ደምሴ። ቀጠሮዬን ላፈርስ ነው የመጣሁት።"

ቀጠሮ አፍርሰው የማያውቁት አብዱልሃዲ! ገበያተኛው ሳቀ። "ፈራ! አብዱልሃዲ እሳት ፈራ!" አለ አንዱ።

ሽማግሌው ይህን ሳቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈሩት ኖረዋል። ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ከእሳት ድኗል፣ ከዚህ ወዲያ ምን ቸገራቸው? ነገር ግን ጣይባ እጇን ዘርግታ ወደ ፍሙ ስትጠጋ አዩ። እግራቸው መሄዱን ተወ። በትራቸውን ለዘይቱና ሰጡና ያንን በጋቢ ሥር ሲደብቁት የኖሩትን ግራ እጅ ለሕዝቡ ሁሉ ከፍ አደረጉ።

"ይኼን እጅ ቁርጥማት በላው ስላችሁ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ፤ ራሴንም ዋሽቻለሁ። ሲያመኝ ይዘረጋ ነበር። እኔ ነኝ ለእሳት የሰጠሁት፤ ከተተኮሰ ወዲህ አልተዘረጋም። ልጄ ጣይባ፣ ነገ ልጅሽን የምታቅፊበት እጅ ነው፤ ተዪው!"

ሳቁ ጠፋ።

"አብዱልሃዲ፣ አባቴም አያቴም በዚህ ብረት ሰው አድነዋል!" አሉ ደምሴ ፊታቸው ቀልቶ። "የዳነ የለም ወይ?"

"እኔ ድኛለሁ!" አለ አንድ ገበሬ።

በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ መካከል ወይንሸት ወጣች። አክስቷ አስካለ ነጠላዋን ጎተቱ፤ ከመንገዱ ማዶ ሁለት የጣሊያን ባንዶች ቆመዋልና። እሷ ግን ቀስ አድርጋ አስለቀቀቻቸው።

"አክብሬ ልናገር ጋሼ። ቁርጥማት በራሱ የሚብስ፣ በራሱ ቀለል የሚል ሕመም ነው። ሰው ወደርስዎ የሚመጣው በባሰበት ቀን ነው። ከሳምንት በኋላ ቀለል ሲለው ምስጋናውን ብረቱ ይወስዳል፤ ጠባሳው ግን ከሰውየው ጋራ ይቀራል። ይቺ እህቴ ደግሞ ያዛት ሌላው ዓይነት ነው፣ የሚያስቆጣው፤ ከወሊድ በኋላ ይነሣል። ባበጠበት ሰሞን ማረፍ፣ ሲቀንስ ጣትን ቀስ እያሉ ማፍታታት፣ ከባዱን ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያነሣላት ነው የሚያስፈልጋት። ሐኪምም ይያት። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ቀልቶ ከነደደ፣ ትኩሳትም ካለው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አይታደርበትም።"

"አንተስ ምን አገኘህ በሁለት ሳምንት?" አለ ያ ገበሬ ወደ አብዱልሃዲ ዞሮ።

"ምን አገኘሁ? ያማል፣ ዛሬም ያማል፤ አልዋሽህም። ግን ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ በራሴ እጅ ቆለፍኩ። ሚስቴ ወገቧን ሳትቆርጥ ነው ከመደብ የተነሣሁት። የአስካለ ጋቢ አልቋል፤ ጠርዙን ሂዱና እዩት። ከቤቴ እስከዚህ በእግሬ መጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ አረፍኩ። ሸማኔ ሆኜ እሞታለሁ ኢንሻ አላህ፤ ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?"

የጣይባ ባል ሕፃኑን በአንድ ክንዱ እንደያዘ ሚስቱን በሌላው ከፍሙ አራቃት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ከተራው ወጡ። ደምሴ ብቻቸውን ቀሩ። ሊነሡ ሲሞክሩ አንድ ጉልበታቸው ከዳቸውና ግንዱን ያዙ።

አብዱልሃዲ ይህን አይተው አልሳቁም። ተጠግተው በዝግታ ጠየቁአቸው። "ደምሴ፣ ወንድሜ፣ አንተም ታነክሳለህ። ጉልበትህን ካመመህ ስንት ዓመት ሆነህ?"

"ሰባት።"

"የተኮሰልህ ማነው?"

ደምሴ ከሰሉን በእግራቸው በተኑት፤ ከዚያ ወይንሸት ፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሱሪያቸውን ሰበሰቡ። "እስቲ እይልኝ ልጄ" አሉ። ጉልበታቸው አብጧል፣ ዳር ዳሩ ጉብ ጉብ ብሏል፤ የእሳት ጠባሳ ግን አንድም አልነበረበትም።